የአያ ፈንታ ክሪክ አልወርድም ያለ ዕለት

ሰው ሚስት ሲያምረው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል። እኔም ልኬያለሁ። ከሌላው ሰው የሚለየኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር ክሪክ መላኬ ነው። ክሪክ ስል ያው መኪና ወደ ላይ የሚያነሳውን ብረት ማለቴ ነው፤ ጎማ ሲፈነዳባችሁ አላፊ አግዳሚውን የምትለምኑትን።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ጎንደር ውስጥ አንድ ሆስፒታል ፋርማሲስት ነኝ። ደግሞ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ማለት እንደዋዛ እንዳይመስላችሁ። ቤቴን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ከመንገድ ተመልሼ በሩን የምገፋ ሰው ነኝ። ለበሽተኛ «ከምግብ በኋላ» ብዬ መድኃኒት ከሰጠሁ፣ ሰውየው ምሳ ይብላ አይብላ እያልኩ እኔ ምሳዬን ሳልበላ እውላለሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ፍቅር ሲይዘው አስቡት።

የያዘችኝ ትርንጎ ትባላለች። አስተማሪ ናት። አባቷ አያ ፈንታ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ጋራዥ አላቸው፤ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው፣ ከተማ ከገቡ ስንት ዘመናቸው፣ ንግግራቸው ግን እስካሁን ከተማ አልገባም። አንድ ቀን ትርንጎ ፊቷን አጥቁራ መጣችና፣

«ጉድ ሆነናል፤ ከሳንጃ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው» አለችኝ።

«መቼ?»

«የሚመጣውን እሑድ ትተህ በቀጣዩ። ሰውየው የጭነት መኪና አለው። አባቴ ደግሞ መኪና ያለው ሰው ሲያይ ልቡ ይቀልጣል።»

«እንግዲያው እኔ በሚመጣው እሑድ እልካለሁ!»

«እሱማ ትልካለህ። ግን አባዬን ታውቀዋለህ? የእህቴ ጊዜ ሽማግሌዎቹን 'ተመለሱ' እያለ ሲያመላልሳቸው ክረምቱ ወጣ። የአንተንም 'ተመለሱ' ካላቸው አለቀልን። የሳንጃዎቹ ይመጡና መኪናውን ሲሰማ ቃል ይሰጣል። ቃል ከሰጠ ደግሞ አያጥፍም። በዚያው ቀን እሺ ማለት አለበት። አንተ ብቻ ከዚያ በፊት ልቡ ውስጥ ግባ።»

ልብ ውስጥ ግባ ማለት ለመናገር ቀላል ነው። እኔ የገባሁት ጋራዥ ውስጥ ነው።

ሰኞ ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። አያ ፈንታ መኪና ሥር ተኝተዋል፤ የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው። ለጫማቸው ሰላምታ ሰጠሁ። ጫማው መለሰልኝ። እጄን የት እንደማደርገው ሲጨንቀኝ ዓይኔ ጥግ ላይ አንድ የዛገ ብረት ላይ አረፈ። በትንንሽ ጎማዎች መሬት ለመሬት የሚገፋ፣ ረጅም ክንድ ያለው የድሮ የጋራዥ ክሪክ ነው። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ሁሉ ነገሩ ተጣብቋል።

«ይሄ ምንድን ነው አያ ፈንታ?»

«ክሪክ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ድንጋይ ነው። በሩን ነፋስ እንዳይመታው እደግፍበታለሁ።»

«ለምን አይጠገንም?»

ከመኪናው ሥር ራሳቸው ብቅ አለ። «ምነው? መድኃኒት ልታዝለት ነው?»

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ብስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አፌ ግን ማንንም ሳያማክር፣ «እስከ እሑድ ፈትቼ አመጣዋለሁ!» አለ።

ሳቁ ቆመ። አያ ፈንታ ተነሥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩኝ።

«ስማ አንተ ልጅ። ይሄ ክሪክ ጋራዥ ስከፍት የገዛሁት ነው። ስንቱን መኪና አንሥቶልኛል። ስላልሆነልኝ አስቀመጥኩት እንጂ አልጣልኩትም። ከፈታኸው ሸጋ። ሰብረህ ካመጣኸው ግን እኔ ዘንድ ባትመጣ ይሻላል።»

አያችሁልኝ? ለትዳር የሄድኩት ሰውዬ በገዛ አፌ ለትዳሬ መሰናክል ተሸክሜ ወጣሁ። ተሸክሜ ስል ውሸቴን ነው፤ ባጃጅ ላይ የጫኑት የጋራዡ ሠራተኞች ናቸው። የባጃጁ ሹፌር ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ እያቃሰተ፣ «ወንድሜ፣ ከኋላ የጫንከው ምንድን ነው?» አለኝ። «ዕጣ ፈንታዬን» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና ከዚያ በኋላ አላናገረኝም።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እትዬ ብርቄ ይባላሉ። ክሪኩ ከባጃጅ ሲወርድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«ሽማግሌ ልልክ ነው ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋራዥ ልትከፍት ነው እንዴ?»

«ለሽማግሌው ነው እትዬ።»

«ሽማግሌው በዚህ ላይ ሊቀመጥ ነው?»

ማስረዳት ስላቃተኝ ወደ ክሪኩ ዞርኩ። ክሪኩን መረመርኩት። ጎማዎቹ አይዞሩም። ክንዱን የያዘው ዘንግ አይነቃነቅም። ዘይቱን የሚገፋው ፒስተን ደርቋል። ክሪኩ ጭኖ ካነሣ በኋላ የሚያወርደው ብሎን ደግሞ ከነመኖሩም አያስታውቅም። እኔ የማውቀው አንድ ሙያ ነው፤ እሱንም አዘዝኩለት። ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት ቀላቅዬ፣ በመርፌ መስጫ ስሪንጅ እየቀዳሁ፣ ጠዋትና ማታ በየመገጣጠሚያው መውጋት ጀመርኩ። ከልማድ የተነሣ ከመውጋቴ በፊት አየሩን አስወጣለሁ። አንድ ጊዜማ እትዬ ብርቄ እያዩኝ ክሪኩን በጥጥ ጠረግሁት። አማተቡ።

ረቡዕ ደረሰ፤ ለውጥ የለም። እንቅልፌ ጠፋ። ልብሴም፣ ፀጉሬም፣ እንጀራዬም ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይላል። ሥራ ቦታ አንዲት እናት መድኃኒቷን ተቀብላ አሸተተችውና፣ «ልጄ፣ ይሄን ልዋጠው ወይስ ፋኖስ ላይ ላድርገው?» አለችኝ።

ሐሙስ መዶሻ ገዛሁ። ብረቱ እንዳይሰነጠቅ እንጨት አስደግፌ ስመታው መጀመሪያ የተሰነጠቀው እንጨቱ ነው፤ ቀጥሎ አውራ ጣቴ። «ብረት ሲሞቅ ይላቀቃል» ያለኝ ሰው ትዝ አለኝና የእትዬ ብርቄን የከሰል ምድጃ ለመንኩ። ክሪኩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ነጭ ጋዝ ሲጠጣ የሰነበተ መሆኑን ረሳሁት። ሌላው ሰው ቢረሳ፣ ፋርማሲስት ይሄን ይረሳል? ጠጋ ብዬ እፍ ስል ቡፍ አለ! እትዬ ብርቄ የውሃ ባልዲውን እኔ ላይ ይድፉት እሳቱ ላይ ይድፉት ለይተው አላወቁም፤ ሁለታችንም ጠፋን። መስታወት ሳይ የቀኝ ቅንድቤ የለም።

ክሪኩ ላይ ግን አንድ ነገር «ጧ!» ብሏል። የሰበርኩት መሰለኝ። «ባትመጣ ይሻላል» የሚለው የአያ ፈንታ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ጎንበስ ብዬ ብዳስሰው የክንዱ ዘንግ ተላቅቋል! ገፋ ሳደርገው ጎማዎቹም ሲጢጥ እያሉ ዞሩ። ከደስታዬ ብዛት እትዬ ብርቄን ላቅፋቸው ስል «ራቅ በል፣ ትነዳለህ!» ብለው ሸሹኝ።

የቀረው ፒስተኑ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፒስተኑን በሚገፋው እጀታ ላይ ሙሉ ሰውነቴን ጥዬ ስንጠለጠል እጄ አዳለጠኝና ጭቃ ላይ በጀርባዬ ተዘረርኩ። እዚያው እንደተጋደምኩ ቀና ብዬ ሳይ የክሪኩ ክንድ ቀስ ብሎ እየተነሣ ነው! ደጋግሜ ሞከርኩት። ወጣ። ማውረጃውን ብሎን ላላ ሳደርገው ፍስስ ብሎ ወረደ። እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው፣ ብረት አቅፌ አለቀስኩ።

እዚህ ላይ ብተወው ምን ነበረበት? ፍርሃቴ መች ያስተወኛል! ቢሠራም አስቀያሚ ነው ቢሉስ? የሳንጃው ሰው የጭነት መኪና ይዞ ሲመጣ የእኔ ሽማግሌዎች የዛገ ብረት ይዘው ይሂዱ? ሮጥ ብዬ ቀይ ቀለም ገዛሁና ቀባሁት። ሲደርቅ ደግሜ ቀባሁት። ጭንቅላቱን፣ ክንዱን፣ ጎማውን፣ ብሎኑን፣ አንድም የቀረኝ ቦታ የለም። እትዬ ብርቄ እንኳን «አሁን ሙሽራ መሰለ» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቼ መቋሚያቸውን፣ ጋቢያቸውንና ክሪካቸውን ይዘው በባጃጅ ሄዱ። ዋናው አጎቴ መሪጌታ ሐዲስ ናቸው፤ በሥርዓት ነገር ዘመድ የማያውቁ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ጋሽ ደሴ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሦስተኛው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቁጥር ለመሙላት ስለሄደ ስሙን አልጠራም። አግቢ በሽማግሌ ቀን የልጅቷ አባት ደጃፍ አይታይምና እኔ እዚያው ሰፈር አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ስልኬን እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጥኩ ቀረሁ።

ስልኩ ጮኸ። ትርንጎ በሹክሹክታ፣ «ገብተዋል። ቆመዋል። አጎትህ ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም እያሉ ነው» አለችኝ።

«አባትሽስ?»

«ክሪኩን ነው የሚያየው።»

ትንሽ ቆይታ ደግማ ደወለች። «ና! እየጠራህ ነው!»

«ማን?»

«አባዬ! 'የጠገነው ሰው ራሱ መኪናዬን ያንሣበት' አለ። አጎትህ 'አግቢ ደጃፍ አይረግጥም' ሲሉት፣ 'አይግባ፣ መንገድ ላይ ሆኖ ያንሣ' አላቸው።»

የአያ ፈንታን ግቢ ካላያችሁት የሆነው አይገባችሁም። ከመንገድ ወደ ግቢው የሚያስገባው ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ሌላ መውጫ የለም። ግቢው ጭቃ ስለሆነና ሲሚንቶ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ፣ አያ ፈንታ ክሪኩን መንገድ ላይ አውጥተውልኝ አሮጌ ፒክአፓቸውን ከመንገድ አስነሥተው መተላለፊያው ውስጥ አስገቡት። ፊቱ ግቢ ውስጥ ወጣ፣ ወገቡ ከግድግዳ ግድግዳ ሞላ፣ ቂጡ ወደ መንገዱ ወደ እኔ ቀረ። እሳቸው በግቢው በኩል ወርደው ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሙ። እኔ መንገድ ላይ፣ ክሪኬና የቀረችኝ አንዲት ቅንድብ።

«አንሣው!» አሉ ከማዶ።

አነሣሁት። እናንተዬ፣ እንዴት ያነሣል! ፒክአፑ ቂጡን እያነሣ፣ እያነሣ፣ ጣሪያውን ሊነካ ደረሰ። ከውስጥ የትርንጎ እናት እልል አሉ። የተሰጠች መስሎኝ እኔም እልል ልል ስል፣ «ገና ነው፣ ምን አስቸኮለሽ!» የሚል የአያ ፈንታ ድምፅ ተሰማ። ከዚያም፣ «ሸጋ ነው። ጥሩ ሠርቷል። አሁን አውርደው» አሉ።

ማውረጃውን ብሎን ያዝኩት። አይዞርም። በፒንሳ ያዝኩት። አይዞርም። ጎንበስ ብዬ ባየው ቀዩ ቀለሜ በየጥርሱ ገብቶ ደርቆ ብሎኑንና ክሪኩን አንድ ሥጋ አድርጓቸዋል። እኔና ትርንጎ ሳንጋባ እነሱ ተጋብተዋል።

«አውርደው እንጂ!»

«እ... እሺ... ትንሽ ተጣብቋል አያ ፈንታ!»

ሰው ተሰበሰበ። ከኪሴ ስሪንጄን አወጣሁ፤ ለክፉ ቀን ነጭ ጋዝ ሞልቼ ይዤው ነበር። መንገዱ ላይ በሆዴ ተኛሁና ብሎኑን መውጋት ጀመርኩ። በመኪናው ሥር አሻግሬ ሳይ የግቢው ሰው ሁሉ ጫማው ይታየኛል። የአያ ፈንታ ቦት ጫማ፣ የመሪጌታ መቋሚያ ጫፍ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ የሚያርፈው የጋሽ ደሴ ጫማ።

«እንግዲህ ሽማግሌዎች፣» አለ ቦት ጫማው፣ «ስለ ልጅቷ እኛም እንመካከራለን፤ እናንተም ተመለሱ።»

ይኸው መጣ፣ የፈራሁት ቃል!

«እንመለሳለን» አለ መቋሚያው። «ለመመለስ ግን አስቀድሞ መሄድ ይገባል። በወዴት በኩል እንሂድ?»

በመኪናው ላይ እንዳይወጡ ጣሪያው አለ። በጎን ድመት አታልፍም።

«በሥሩ ሹልክ ብትሉስ?» አሉ አያ ፈንታ አፍረው።

ጋሽ ደሴ መለሱ። «አንተ የጠገንከው ክሪክ ቢሆን እንሾልክ ነበር። ይሄ የፋርማሲስት ነው።»

«እንግዲያው ልጁ እስኪያወርደው ተቀመጡ። ምግቡም ደርሷል።»

«ቃል ሳንሰማ?» አሉ መሪጌታ። «ኧረግ! ሥርዓት አይፈቅድም። እንቆማለን።»

ቆሙ። እኔ እወጋለሁ፣ እጠመዝዛለሁ፤ ብሎኑ ወይ ፍንክች። የሐምሌ ሰማይ ደግሞ አጉረመረመና ለቀቀው። መጀመሪያ ነጠብጣብ፣ ቀጥሎ በባልዲ። ጫማዎቹ በረንዳው ጫፍ ላይ ሲጠጋጉ አየሁ፤ ቤት ውስጥ ግን አልገቡም። በስተኋላዬ የቆሙ የሰፈር ሴቶች ማጉረምረም ጀመሩ። «ኧረ ነውር ነው! አያ ፈንታ ሽማግሌ ዝናብ ላይ አቁሞ ያስደበድባል!» ድምፃቸው ለእኔ ብቻ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ከውስጥ የትርንጎ እናት፣ «አንተ ሰው፣ ኧረ በእመቤታችን! ወጡ ቀዘቀዘ፣ ሰዎቹም ቀዘቀዙ!» ይላሉ። አያ ፈንታ፣ «መኪናው ይውረድ ብያለሁ! ይውረድና በደህና ይሂዱ፣ ከዚያ እናስብበታለን!» ብለው ጮኹ።

ይሄኔ ነው ብሎኑ እጄ ላይ የላላው።

ፍስስ አለ። ፒክአፑ ጣት ያህል ዝቅ አለ። የሳምንቱ ስቃዬ ሁሉ እዚያች ፍስስታ ላይ ተቋጨ ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከፍቼው ቀረሁ። መኪናው ወረደ ማለት መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። መንገዱ ተከፈተ ማለት ሽማግሌዎቼ «ተመለሱ» ተብለው ተሸኙ ማለት ነው። ከዚያ የሚመጣው እሑድ፣ የሳንጃው ሰው፣ የጭነት መኪናው... ወይኔ!

አሁን እንኳ ሳስበው ያልበኛል። በሕይወቴ ያልደፈርኩትን ደፈርኩ። ብሎኑን መልሼ ጥርቅም አድርጌ አጠበቅሁት።

«አያ ፈንታ!» አልኩ።

«አቤት!»

«አልተፈታም!»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እንጃ አያ! እስከ ማታም ላይፈታ ይችላል!»

ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው። ጫማዎቹን አያለሁ። ቦት ጫማው ወደ በረንዳው ሄደ፤ ቆመ፤ ዞረ፤ ተመለሰ።

«መሪጌታ» አሉ አያ ፈንታ።

«እህ?»

«ልጄን ሰጥቻለሁ። በሉ አሁን ግቡና ተቀመጡ።»

እልልታው ከግቢው ተነሥቶ መንገዱ ላይ ያሉት ሴቶች ተቀበሉት። መሪጌታ በግዕዝ ምርቃታቸውን ሲያንበለብሉ ጋሽ ደሴ «ወይ ጉልበቴ!» እያሉ ወንበር ላይ ሲወድቁ ሰማሁ። እኔ ግን አልተነሣሁም። ፊቴን አስፋልቱ ላይ ደፍቼ የዝናቡን ውሃ ከእንባዬ ጋር አጣጣምኩት።

በልተው እስኪጠግቡ ጠበቅሁ። ከዚያ ብሎኑን በሁለት ጣቴ ዞር አደረግሁት፤ ፒክአፑ እንደ ደከመ ሰው ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። አያ ፈንታ ክሪኩን አስወጡኝና መኪናውን ነድተው ወደ መንገድ አወጡት። ወርደው መንገዱ ዳር ተመልሼ በተጋደምኩበት አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ማንም እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ተፈታ?»

«ተፈታ አያ።»

«ቅድምም ተፈትቶ ነበር።»

መካድ አልቻልኩም።

«የራሴ መኪና ናት፤ ዝቅ ስትል አላያትም ብለህ ነው?»

«ታዲያ... ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ወደ ግቢው ዞር ብለው አዩ። ትርንጎ በረንዳው ላይ ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ እኛ ታያለች።

«መኪናዋ ዝቅ ስትል የልጄ ፊት ጠቆረ። ቀጥ ብላ ስትቆም በራ። እኔ ከዚያ በኋላ መኪናዋን አላየሁም» አሉኝ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። «በል ተነሥ፤ ሰው ያያል፤ አማቹን አስፋልት ላይ አስተኝቷል ተብዬ እንዳልሰደብ።»